እማማ፣ ያን ወረቀት ለእኔም ማሳየት አልነበረብሽም

«ድሬዳዋ ቀፊራ ቅመም እሸጣለሁ። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ 9ኛ ክፍል ናት። ልጄ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። ለአረፋ መጥቶ ሲመለስ 12 የእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፉበት ወረቀት ሰጠኝና ‹እማዬ፣ ያጠራቀምኩት ዶላር ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ከወርቅሽ ጋር ደብቂልኝ፣ ለማንም አታሳዪ› ብሎኝ ሄደ። ቼክ አይደለ፣ ማህተም የለው፤ እኔ ክታብ መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት አውጥቼ ሳገላብጠው ሻይ ፈሰሰበትና አንዱ ቃል ጠፋ። ታይዋን ገበያ ስልክ የሚጠግን የሰፈር ልጅ ‹ስጪኝና ስልክሽ ላይ ላስገባልሽ፣ ስንት እንዳለበትም ታያለሽ› ይለኛል። ሐረር ያለች እህቴ ደግሞ ‹ግማሹን ቆርጠሽ እኔ ጋ አስቀምጪ› ትለኛለች። አቦ ግራ ገባኝ። መንግሥትስ ይህን ነገር ፈቅዷል? ቃላቱን ከታች አስጽፌልሻለሁ፣ ትርጉማቸውን በአማርኛ ንገሪኝ። ደግሞ እርስዎ ካልሽኝ አላነበውም፣ አንቺ በይኝ። የቀፊራዋ እናት።»

እማማ፣ አንቺ በይኝ ካልሽ አንቺ እልሻለሁ። እኔም እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያደግኩ ነኝ፤ «እርስዎ» ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።

ትርጉሙ ይቆይና መጀመሪያ አንድ ነገር እንጨርስ። ይህን እንዳነበብሽ ቅመሙን ለጎረቤት አደራ ብለሽ ለልጅሽ ደውዪ። «ቃላቱን ሰው አይቷቸዋል፤ ዛሬውኑ አዲስ ዋሌት ክፈትና ገንዘቡን ወደዚያ አዛውር» በይው። ዋሌት የሚባለው ስልኩ ላይ ያለው የዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ የሚሉት) መያዣ ፕሮግራም ነው፣ እሱ ያውቀዋል። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ አንቺ ግን ምክንያቱ እስኪገባሽ አትጠብቂ።

ምናልባት ይቆጣል። ቢቆጣ ደግሞ «ጥፋቱ ግማሹ የአንተ ነው» በይው፤ ከእኔ ጋር የተስማማሽበት ነው ብለሽ ጨምሪበት። ለእናቱ ምን እንደሆነ ሳያስረዳ «ደብቂ» ብሎ የሚሄድ ልጅ፣ እናቱ ሰው ብትጠይቅ ምን ይገርመዋል? ያልገባውን ነገር አዋቂ መጠየቅ ወግ ነው፤ ይህ ነገር ግን ከዚያ ወግ ውጭ ነው፣ እሱን ነበር ሊነግርሽ የሚገባው።

አሁን ቃላቱን ስንት ሰው እንዳየ አብረን እንቁጠር። የጻፈችልሽ ልጅ አይታለች። በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልካልናለች፤ ስለዚህ ስልኳም ላይ አለ፣ ቴሌግራምም ላይ አለ። እዚህ መልእክት የሚከፍተው ባልደረባዬ አይቶታል። እኔ አይቻለሁ። የታይዋኑ ልጅ ይይ አይይ አልጻፍሽልኝም። ሁላችንም ደግ ሰዎች ነን እንበል። ነገ ግን የልጅቷ ስልክ ባጃጅ ውስጥ ቢረሳስ? እኛ ዘንድ ያለውን ፎቶ አጥፍተናል፤ ይህ ግን መጽናኛ አይሁንሽ፣ ማጥፋታችንን ከእኛ በቀር ማን ያረጋግጥልሻል?

«እንግዲያው ቃላቱን ይቀይራቸዋ» ትይ ይሆናል። አይቀየሩም። የቴሌብር ፒን ቢታይብሽ ፒኑን ትቀይሪያለሽ፣ ሂሳቡ እዚያው ይቀመጣል። እዚህ ግን ቃላቱና ሂሳቡ አንድ ናቸው፤ ያለው መንገድ አዲስ ዋሌት ከአዲስ ቃላት ጋር ማውጣትና ገንዘቡን ከአሮጌው ወደ አዲሱ መላክ ብቻ ነው። ብዙ ወጣቶች እንኳ ይህን አያውቁትም። ፕሮግራሙን ከስልካቸው ያጠፉና መልሰው ይጭኑታል፣ ያንኑ 12 ቃል ያስገቡና «አደስኩት» ይላሉ። ምንም አላደሱም።

ክታብ መሰለኝ ማለትሽ አላሳቀኝም። እንዲያውም በአያያዙ ከክታብ ብዙ አይርቅም፤ ክታብ ተሰፍቶ ይታሠራል፣ ውስጡን የሚያነብ የለም። በሥራው ግን ቁልፍ ነው። ልጆቹ «ሲድ ፍሬዝ» ይሉታል፣ የመልሶ ማግኛ ቃላት ብንለው ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅሽ ገንዘብ ስልኩ ውስጥ የለም፣ ወረቀቱም ላይ የለም። ማን ስንት እንዳለው የሚጻፍበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለ፤ በዓለም ዙሪያ ባሉ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ተባዝቶ የተቀመጠ። ቢትኮይን የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከጥር 2009 ጀምሮ አለ፤ ሌሎቹ ከዚያ በኋላ መጡ። መዝገቡ ላይ ስም የለም፣ የአባት ስም የለም፣ ቀበሌ የለም። ያለው «አድራሻ» የሚሉት የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ነው። ከዚያ አድራሻ ገንዘብ ማንቀሳቀስ የሚችለው ምስጢራዊ ቁጥሩን የያዘ ነው፣ ማንም ይሁን ማን። ቁጥሩ እጅግ ረጅም ነው፤ በእጅ ልጻፈው ብትዪ አንድ አሃዝ ተሳስተሽ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ጥቂት የቢትኮይን ባለሙያዎች ቁጥሩ ሰው በሚያነባቸው ቃላት የሚጻፍበትን ደንብ አወጡ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ዋሌቶች በዚያ ይሠራሉ።

ስልኩ ቃላቱን የሚያወጣቸው በዕጣ ነው። ሳንቲም 128 ጊዜ ወርውረሽ ዘውድ ወይስ ጎፈር እያልሽ ብትመዘግቢ እንደማለት ነው። ከዚያ ውጤት ተሰልተው የሚወጡ 4 የማረጋገጫ ምልክቶች ይጨመሩና 132 ይሆናል። ይህ በ11 በ11 ሲቆረጥ 12 ቁራጭ ይወጣዋል። 11 ውርወራ ደግሞ 2048 ዓይነት ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ 2048 ቃላት ያሉበት ዝርዝር ተዘጋጀና እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ቃል ተሰጠው። 12 ቃል ያልነው ይህ ነው። 24 ቃል የሚሰጥም አለ፣ እሱ 256 ውርወራ ነው። ከእነዚህ ቃላት ዋሌቱ ቁልፎቹን ሁሉ ያወጣል፤ የቢትኮይኑን፣ የዩኤስዲቲውን (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረው ዲጂታል ገንዘብ ነው)፣ አንድ አድራሻ ሳይሆን የፈለገውን ያህል። ከአንድ ቡሃቃ ሊጥ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ልዩነቱ ያንኑ ሊጥ በሌላ አገር፣ በሌላ ምጣድ ብትጋግሪውም እነዚያው እንጀራዎች በዚያው ተራ መውጣታቸው ነው። ልጅሽ ስልኩ ባሕር ቢገባበት፣ አዲስ ስልክ ገዝቶ 12ቱን ቃላት በተራቸው ሲያስገባ ገንዘቡ ይታየዋል። ወረቀቱን የሰጠሽ ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ቃላቱን ቢያስገባም እንደዚሁ ይታየዋል፤ መዝገቡ ማን እንዳስገባቸው አይጠይቅም።

ባንክ ደብተርሽ ቢጠፋ መታወቂያሽን ይዘሽ መስኮት ላይ ትቆሚያለሽ። ሐዋላ እንኳ፣ በጅቡቲና በድሬ መካከል ስንት ገንዘብ በቃል ብቻ እንደሄደበት አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፣ መሃሉ ላይ ሰው አለ፤ ቢካድ ሽማግሌ ይቀመጣል። እዚህ መሃሉ ላይ ማንም የለም። ገንዘቡ ከሄደ «መልሱልኝ» የሚባል ሥራ አስኪያጅ፣ የሚከሰስ ቅርንጫፍ የለም። ለዚህ ነው ስጮህብሽ የቆየሁት።

ማንም በግምት አይደርስበትም ወይ ትይ ይሆናል፤ አይደርስበትም። በ128 ውርወራ ሊወጡ የሚችሉት ዕጣዎች ብዛት 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በዓለም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቢሰለፍ አይጨርሰውም። ሌባው ስለዚህ አይገምትም፤ ይጠይቃል። «ከዋሌቱ ድጋፍ ሰጪ ክፍል ነኝ፣ ሂሳብህን ላረጋግጥ» ብሎ በቴሌግራም ይጽፋል። «ሽልማት ደርሶሃል፣ ዋሌትህን አገናኝ» የሚል ገጽ ከፍቶ 12 ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል። ቃላቱ የሚገቡበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ፣ ስልክ ሲቀይር ወይም ሲጠፋበት፣ በዋሌቱ ፕሮግራም ውስጥ። ከዚያ ውጭ የጠየቀ ሁሉ፣ ያንቺው ዓምድ አዘጋጅ ብትሆን እንኳ፣ አይሰጠውም።

የታይዋኑን ልጅ አልከሰውም። ምናልባት በቅንነት ነው፤ ሰፈር ውስጥ «ላግዝሽ» የሚል ልጅ ማጣት ራሱ ሌላ ሐዘን ነው። ግን ያለው ነገር ልክ አይደለም። ስንት እንዳለ ለማየት ቃላቱ አያስፈልጉም። ልጅሽ አድራሻውን ብቻ ይላክልሽ፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አድራሻውን የያዘ ሰው ቀሪውን ያያል፣ ሳንቲም ግን መንካት አይችልም። ይህን ለልጁም ንገሪው፣ ያውቀው ከነበረ ደግሞ ፊቱን እዪው።

የተገላቢጦሹም ማጭበርበሪያ አለና የጻፈችልሽ ተማሪም ትስማ። አንዱ በቴሌግራም መጥቶ «ዋሌቴ ላይ ብዙ ዩኤስዲቲ አለ፣ ማውጣት አቃተኝ፣ ይኸው ቃላቱ፣ እርዳኝ» ይላል። ቃላቱን ስታስገቢ እውነትም ገንዘብ ይታያል። ለማውጣት ግን የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል፤ ጥቂት ትላኪያለሽ፤ የላክሽው በሰከንድ ይጠፋል፣ የታየው ገንዘብ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሂሳቡ የተሠራው ያለ ሌላ ሰው ፊርማ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ ነው። የሰው ገንዘብ ለመውሰድ የሄደ ሰው ለማን ይከሳል? ሌባው የሚተማመነው በዚያ ነው።

ወደ ሻይሽ እንምጣ። የፈሰሰበት ቃል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ይታያሉ፣ ቀሪው ጠፍቷል። ለልጅሽ ይህ ችግር አይደለም፤ ስልኩ እየሠራ ስለሆነ ገንዘቡን ያለ ወረቀቱ ማዛወር ይችላል። ስልኩ ጠፍቶ ቢሆንም ተስፋ ነበረው። ዝርዝሩ ውስጥ ካሉት 2048 ቃላት የመጀመሪያ አራት ፊደላቸው የሚመሳሰል ሁለት ቃላት የሉም፣ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተመረጡት፤ አራት ፊደል ከተረፈ ቃሉ ተረፈ። ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ሙከራው 2048 ብቻ ነው፤ ከእነሱም በዚያ በ4ቱ ማረጋገጫ ምልክት የሚያልፉት 128 ገደማ ናቸው። ለኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ነው። ደስ የሚል ነገር አይደል? አይደለም። ለሌባውም እንዲያው ነው። «አንዱ ጠፍቷልና ማንም አይጠቀምበትም» ብለሽ 11ዱን እንዳታሳዪ።

ተራቸውን ማምታታትም አይረዳም። 12 ቃላት በ479,001,600 ዓይነት ተራ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ለእኔና ላንቺ ዕድሜ ልክ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ቀላል ሥራ። ባለቤቱ ራሱ ተራውን የረሳ እንደሆነ ግን ሲለፋ ይውላል። በሌላ አነጋገር ሌባውን ሳትከለክዪ ልጅሽን ታደክሚዋለሽ።

የሐረሯ እህትሽ ምክር ከሁሉም የተሻለ አስተዋይ ይመስላል፤ ስለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምመልሰው። ግማሽ እዚህ፣ ግማሽ እዚያ፤ አንዱን ያገኘ ሌባ ምን ያደርግበታል? እውነት ነው፣ ስድስት ቃል ያገኘ የሰፈር ሌባ ሩቅ አይሄድም። ግን ሁለት ነገር ጠፋ። አንደኛ፣ ምስጢሩ የቆመበት ግንብ ከቁመቱ ወረደ፤ የቀረው ስድስት ቃል ብቻ ነው፣ እሱም 12 ከነበረው ግማሽ አይደለም፣ ከዚያ እጅግ እጅግ ያነሰ ነው። ሁለተኛውና የሚያስፈራኝ፣ አሁን ገንዘቡ የሚጠፋው ያንቺ ቤት ሲቃጠል ብቻ ሳይሆን ከሁለቱ ቤቶች የትኛውም ቢቃጠል ነው። አደጋውን ሁለት እጥፍ አደረግሽው። እህትሽ ቤት ቀይራ ወረቀቱን ብትረሳው፣ እዚህ ያለው ግማሽ ከተራ ወረቀት አይሻልም።

የሚሻለው ሁለት ሙሉ ቅጂ በሁለት ቦታ ነው፣ አንዱ ድሬ፣ አንዱ ሐረር። ይህም ዋጋ አለው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የሐረሩ የጁገል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ሲመሽ አምስቱም ይዘጉ ነበር፣ አራቱ ተዘግተው አንዱ ክፍት ቢያድር ግንቡ ምን ይጠቅማል? ቅጂ በጨመርሽ ቁጥር በር ጨመርሽ። እህትሽን የምታምኛት ከሆነ፣ የእህትሽ ልጆችም፣ የልጆቿ ጓደኞችም እዚያ ቤት እንደሚገቡ አስበሽ ነው። ሁለት ይበቃል። አምስት አታድርጊው።

ልጅሽ መከፋፈሉን በጣም ከፈለገው ለዚያ ተብሎ የተሠራ መንገድ አለ። ሻሚር የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባሳየው ስሌት ምስጢሩ ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሲገናኙ ይከፈታል፣ አንዱ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። ትሬዞር የተባለው የዋሌት መሣሪያ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ይሠራል። በመቀስ ከመቁረጥ ይህ ይሻላል። 12ቱ ላይ ራሱ የሚመርጠው ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚያክሉም አሉ፤ ይህን ለእሱ ተዪለት፣ ግን አንድ ነገር ንገሪው፤ ያን ተጨማሪ ቃል ቢሳሳተው ዋሌቱ «ተሳስተሃል» አይለውም። ባዶ ሂሳብ ይከፍትለታል። «ተሰረቅሁ» ብሎ የሚጮኸው ያኔ ነው።

አዲሶቹ ቃላት በምን ላይ ይጻፉ? ለደቻቱ ወንዝ ጎረቤት ስለ ውሃ አላስተምርም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ በሌሊት ሞልቶ ሰውን ከነቤቱ ሲወስድ፣ ከተረፈው ሳጥን የወጣው ወረቀት ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ምስጥ አለ፣ እሳት አለ፣ አሁን ደግሞ ሻይ አለ። ወረቀት ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል፤ በእርሳስ ወይም በማይፈስ ቀለም፣ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ተሰጥቶት። ብዙ ገንዘብ ከሆነ ግን ስቴንለስ ብረት ላይ ይቀረጽ። ቀራጭ ዘንድ እንዳትወስጂው! ቀራጩ አንብቦ ነው የሚቀርጸው። ጫፋቸው ላይ ፊደል ያለባቸው ትናንሽ የብረት ዘንጎች ይሸጣሉ፣ በመዶሻ ይመታሉ። ልጅሽ ራሱ ይምታው። የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደል ስለሚበቃ ሥራው ቢበዛ 48 ምት ነው፤ ጎረቤት «በር እየጠገነ ነው» ይበል።

ላሚኔት ላስደርገው ብለሽ ፎቶ ኮፒ ቤትም አትሂጂ። ስልክ ላይ ፎቶ አይነሳ፣ ስክሪንሾት አይያዝ፣ በቴሌግራም «ለራሴ» ተብሎ አይላክ። ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ይፋ እንዳደረገው፣ ጎግል ፕሌይና አፕስቶር ውስጥ ሳይቀር የገቡ ፕሮግራሞች በስልኩ ላይ ያሉ ፎቶዎችን እያነበቡ እነዚህን ቃላት ይፈልጉ ነበር። ፎቶ የምታይው አንቺ ብቻ አይደለሽም ለማለት ነው። ልጅሽ ከሰው የዋሌት መሣሪያ ቢገዛና ከሳጥኑ ውስጥ ቃላቱ አስቀድመው ተጽፈው ቢያገኝ ደግሞ መሣሪያውን ይጣለው፤ ቃላቱ የሻጩ ናቸው፣ እሱ የሚያስገባው ገንዘብም የሻጩ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ብልህ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ። በ2013 ዓ.ም. እኔም ትንሽ ቢትኮይን ገዝቼ ቃላቱን በአንድ አሮጌ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ቤት ስንቀይር ደብተሮቹ ከጋዜጣ ጋር ተመዝነው ተሸጡ። ስልኬ ሲበላሽ ትዝ አለኝ። ለውዝ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄጄ ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ እየገለጥኩ ሳይ፣ «ልጄ፣ ለውዙን ነው ወረቀቱን የምትገዢው?» አለችኝ። አራት ጥቅልል ገዝቼ ተመለስኩ፣ የእኔ አልነበሩም። የጠፋው የሁለት ወር ደመወዝ አይሞላም ነበር፣ ያን ጊዜ። ዛሬ ስንት እንደሚሆን አስልቼ አላውቅም፣ አልፈልግምም። አንድ የዌልስ ሰው ደግሞ የ8,000 ያህል ቢትኮይን ቁልፍ ያለበት ዲስክ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከቆሻሻ ጋር ተጥሎበት፣ የከተማው ቆሻሻ ክምር ይቆፈርልኝ እያለ ዓመታት ተሟግቶ፣ በጥር 2025 ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋበት። እሱን ሳስብ ለውዙ ይጣፍጠኛል።

መንግሥት ፈቅዷል ወይ ብለሻል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸምና ገንዘብ ማስተላለፍ ሕገ ወጥ መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ «ድሬ ላይ በብር እመነዝርልሻለሁ» የሚልሽ ደላላ ቢመጣ፣ ተጭበርብረሽ ልትከሺው ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ልጅሽ ጅቡቲ ላይ ያለውን በዚያው አገር ደንብ ይያዘው፤ ለቤት የሚልከውን በባንክ ይላክልሽ። ደግሞ ያጠራቀመውን ሁሉ እዚያ ማኖሩን እኔ አልወደድኩትም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ልጅሽ ሊከራከረኝ ይችላል።

ከእሱ ጋር ስትነጋገሪ አንድ ከባድ ነገር አለ፣ አላህ ዕድሜ ይስጠውና፣ አንድ ነገር ቢሆን አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ቃላቱ ብቻቸውን አይበቁም። የትኛው ዋሌት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ፣ ዩኤስዲቲ ከሆነ ትሮን ወይም ኢቴሪየም ከሚባሉት መዝገቦች (መረብ ይሏቸዋል) በየትኛው ላይ እንዳለ፣ በሌላ ወረቀት ይጻፍልሽ። ሁሉም ዋሌት የዚያኑ ደንብ አይከተልም፤ ኤሌክትረም የሚባለው ለምሳሌ የራሱ አሠራር አለው፣ የእሱን ቃላት ሌላ ዋሌት ላይ ብታስገቢ አይቀበልሽም። ይህ ሁለተኛ ወረቀት ቢታይም ገንዘብ አያስወስድም፤ ከቃላቱ ጋር ግን አንድ ቦታ አይቀመጥ። እዚያ ላይ በችግር ጊዜ የምታማክሪው የአንድ ሰው ስም ይጨመርበት፣ የሚመርጠው እሱ ይሁን፣ አሁን በሕይወት እያለ።

የቀረው የትርጉሙ ጥያቄ ነው። ቃላቱ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆኑ ዛሬ አልነግርሽም፤ ትርጉማቸው ለገንዘቡ ምንም አይጨምርም። ደንቡ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ፣ በስፓኒሽ፣ በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎችም ዝርዝር አለው፣ በአማርኛ ግን የለውም፤ ስለዚህ ተርጉመሽ ብትጽፊያቸው ወደ እንግሊዝኛው መመለሻ ይጠፋሻል። «ሕፃን» ብለሽ ብትጽፊ፣ ዝርዝሩ ውስጥ «ቤቢ» አለ፣ «ኢንፋንት» አለ፣ «ቻይልድ» አለ፣ «ኪድ»ም አለ፤ የትኛው ነበር? እንግሊዝኛውን በእኛ ፊደል ብትጽፊውም አያድንሽም። ቀኝ ማለትና ጻፍ ማለት በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ራይት» ናቸው፣ ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ፊደሉ ይቆይ፤ የጻፈችልሽ ልጅ በዚህ በኩል አንድ ፊደል አልሳተችም፣ ጎበዝ ናት።

ልጅሽ ገንዘቡን አዛውሮ ሲጨርስ አሮጌውን ሂሳብ ደግሞ ይፈትሽ፤ በሌላ መረብ ላይ የቀረ ነገር ካለ ያውጣ። እስከዚያ ወረቀቱን አትቅደጂ። ባዶ መሆኑን ሲነግርሽ ያ ወረቀት 12 ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ይሆናል፤ ያኔ ደውዪልኝ፣ የሁሉንም ትርጉም አንድ በአንድ እነግርሻለሁ። ሦስተኛው ቃል አንቺ የምትሸጪው ነገር ነው፣ ከዚህ በላይ ግን ዛሬ አልናገርም።